የቦኖው ሰይድና ያልተቆረጠው ጨርቅ

መሬት በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር ተለክቷል፤ ለኪውም እኔ ነኝ። ቆቦ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጀርባ፣ ድሮ ቦኖ የነበረበት ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ቦታ አለ። ቧንቧ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ቦኖው ፈርሶ፣ ቦታው የፌስታልና የጫት ገረባ መጣያ ሆኖ ኖሯል። መምህር አወቀ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያርመው ደብተር አጥቶ ሰፈሩን ማረም የጀመረ ሰው ነው። እሱ ነው “እዚህ ላይ የመታሰቢያ አትክልት እንትከል” ብሎ የተነሣው። በአገሩ የሞተ ሰውማ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ አጠገብ አፈሩ አለ፤ ዘመድ ሄዶ ያየዋል። ከዚህ ሰፈር ወጥተው የቀሩት ግን፣ የቅርቦቹም የድሮዎቹም፣ የት እንደወደቁ የሚያውቅ የለም። ለእነዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዛፍ ይተከል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ ውሃ የሚያጠጣ አንድ ቤት ይኑረው። ሐውልት የለም፣ ፎቶ የለም፣ ንግግር የለም። ነገሩ ሁላችንም ልብ ውስጥ ገባ። ቀበሌውም “መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ራሳችሁ አጥራችሁ ራሳችሁ ከተንከባከባችሁት እንፈቅዳለን፤ ብቻ በዙሪያው ያሉ ቤቶች ሁሉ ይፈርሙ፣ ንድፉም ተለክቶ ይምጣ” አለ። ወሩ እስኪያልቅ ካልቀረበለት ቦታውን ለኮንቴነር ሱቅ ለጠየቁ ሌሎች ይሰጣል። ታዲያ በሰፈሩ ረጅም ሜትር ያለው ሰው ጠፋና አወቀ ወደኔ መጣ።

“ካሳይ፣ ያንተን ሜትር አምጣ” አለኝ።

“ያንተ መሬት ወገቡ ስንት ነው?” አልኩት። ሣቀ፤ ሣቁ ግን የአስተማሪ ሣቅ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

አንገቴ ላይ የምትውለው ሜትር ጫፏ ተበልቷል። ደኅነኛዋን ላመጣ ጓዳ ገብቼ የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፈትኩ። ይህን ሳጥን ስንት ዓመት እንዳልከፈትኩት እንጃ። ክዳኑ ቀና ሲል የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝ። ከሽታው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ነበር፤ አዲስ ቴትሮን ሽታ፣ ሱቅ ውስጥ ጣቃው ሲዘረጋ የሚሸተው ዓይነት። እጄን ሰድጄ ሜትሯን ሳገኝ ከሥሯ ያለውንም ነካሁት። አላወጣሁትም። ክዳኑን መልሼ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። አወቀ ከውጭ ሲጣራ ነው የነቃሁት።

ያ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ እኮ የሰፈሩ እምብርት ነበር። እኔ አንድ ነጋዴ በረንዳ ላይ የልብስ መኪናዬን ዘርግቼ ከቦኖው ፊት ለፊት እውል ነበር። አባቴ ከማይጨው በርበሬ ሊነግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ “ወደይ፣ ልጄ፣ መርፌ የያዘ አይራብም” እያለ ነው ስፌት ያስገባኝ። ሱሪ ማሰፊያ ሦስት ብር ነበር፤ ገበሬ ከሆነ ደግሞ ማሽላ በቁና ያመጣል። ወጣቱ ሁሉ ታቹ የሚጠርግ ቦላሌ ካልተሰፋልኝ የሚልበት ጊዜ ነው። ከገጠር ለገበያ የሚወጡት የራያ ጎበዞች ግን ለቦላሌ ግድ አልነበራቸውም፤ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ሰክተው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲያልፉ፣ እኔ ራሴ የምሰፋው ሱሪ ያሳፍረኝ ነበር። ከቆላ ጨው ይዘው የሚወጡት አፋሮች ግመላቸውን ከቦኖው ማዶ ያሳርፋሉ። ሻይ ከአምባሻ ጋር በስሙኒ ትጠጣለህ፣ መልስም አለው። ዛሬ በዚያው ማዕዘን ላይ የባጃጆቹ ጥሩምባ እንኳን ሰው ሐሳብንም አያስቆምም።

የቦኖው ከፋች ሰይድ ነበር። ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ እንስራ በአምስት ሳንቲም ይቀዳል። ወረፋ የሚያስጠብቀው በጩኸት አይደለም፤ በፉጨት ነው። የባቲን ቅኝት ማፏጨት ሲጀምር ሴቶቹ ሳይነገራቸው ይሰለፋሉ፤ ተራ አልፋ የገባች ካለች ፉጨቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ሁሉም ዘወር ብሎ ያያታልና አፍራ ትመለሳለች። ሳንቲም ለሌላት አሮጊት ደግሞ ቧንቧውን “ረስቶ” ይተውላታል። እናትና አባቱ ቀድመው አልፈዋል፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዘሀራ ናት፤ ቤቷም ያው ቦኖው አጠገብ፣ አጥሯ አጥሩን ነክቶት ነው። ሰይድና እኔ አንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛሞች ነበርን፤ በጾሜ ጊዜ የጾሜን አብሮኝ ይበላል፣ በጾሙ ጊዜ እስኪያፈጥር እጠብቀዋለሁ። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ እዚህ አገር እንዲያ ነበር፣ አሁንም ብዙው ቤት እንዲያው ነው።

ከዚያ ወጣት የሚፈለግበት ዘመን መጣ። ማን ፈለገው፣ ለምን ፈለገው፣ አሁን ላንሣው አልፈልግም፤ ያነሣሁት እንደሆነ የሚጣላኝ አላጣም። ሰይድ ከመሄዱ በፊት አንድ ሰኞ ገበያ ሁለት ሜትር የቡና ቀለም ቴትሮን ገዝቶ መጣ።

“ለሱሪ አንድ ሜትር ከሩብ ይበቃህ ነበር” አልኩት።

“ታቹ ሰፋ ይበልልኛ! ስመለስ ነው የምለብሰው። ብቻ እኔ ቆሜ ሳትለካኝ መቀስ እንዳታስነካው። ወፍሬ እመጣ ይሆናል፣ ከስቼ እመጣ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?”

ጨርቁን አጣጥፌ ከመኪናዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመንገድ የሚታይበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሌላ ደንበኛ “ያን አሳየኝ” ሲለኝ “ባለቤት አለው” እል ነበር። ቦኖውን ሌላ ሰው ይከፍት ጀመር፤ የሚጮህ ሰው። ዘሀራ ማልዳ እንስራዋን አዝላ ስትወጣ ቀና ብላ መደርደሪያዬን ታያለች፤ “ደኅና አደርክ ካሳይ” ትለኛለች፤ ትሄዳለች። ዓመት ዓመትን ወለደ።

ዘመኑ ተለውጦ ከየበረሃው የተረፈው ሲመለስ፣ አንድ ቀን ከሮቢት የመጣ የማላውቀው ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ በረንዳዬ ላይ ቆመ። እግሩ ያነክሳል። “ካሳይ ሰፊው አንተ ነህ?” አለ። ነኝ አልኩት። ተቀመጠ። ሰይድ ከእሱ ጋር እንደነበር፣ ወባ እንደያዘው፣ በሦስተኛው ቀን እጁ ላይ እንዳለፈ ነገረኝ። “አደራ ብሎኛል” አለ። “እህቴ ከልጇ በቀር ሰው የላትም፤ ወሬው በመንገድ እንዳይደርሳት፤ ካሳይ ሽማግሌ ይዞ ይንገራት ብሏል።” ሌላም አንድ ነገር ነገረኝ፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሰውየው ሻይ እንኳ ሳይጠጣ በሚቀጥለው መኪና ሄደ። እኔ ተነሥቼ ጨርቁን ከመደርደሪያው አወረድኩት፤ ዓይኔ እያየው መስፋት አልቻልኩም። ሳጥን ውስጥ፣ ከታች፣ ናፍታሊን ነስንሼ አኖርኩት።

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይበተን፣ እህል አፉ ሳይገባ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው የሚነገረው። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም፣ ሰደቃ አይወጣለትም፣ ሞተ አይባልም። አልዋሻችሁም፣ ልነግራት ቀን ቆርጬ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ዘሀራ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ላይ ነበረች፤ በሠርግ ላይ መርዶ ነውር ነው። ሠርጉ ሲያልፍ ረመዳን ገባ፤ ጾመኛ መርዶ አይረዳም አልኩ። ከረመዳን በኋላ ልጅቱ አርግዛ መጣች፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት እንዴት ይባላል? ከወለደች በኋላ አራስ ናት። ከዚያ ወዲያማ ምክንያቱም አለቀ፣ ፊቱም ጠፋ። አንድ ዓመት የዘገየ መርዶ እንዴት ይነገራል? አምስት ዓመት የዘገየስ? እየቆየ ሲሄድ የሰይድን ሞት ሳይሆን የራሴን ፈሪነት ነበር የምደብቀው። ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ዳርኩ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ዘሀራም ስለ ጨርቁ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔ ሞኙ “አላስተዋለችም” ብዬ እጽናና ነበር።

እንግዲህ አወቀ ንድፉን በሜትሬ አስለክቶ ከጨረሰ በኋላ “ጽሑፍህ ያምራል” ብሎ የዛፎቹን ባለቤቶች ዝርዝር መጻፉን ለእኔ ሰጠኝ። “ባለቤት የሌለው ችግኝ ይደርቃል፤ የሟቹን ስም በግራ፣ የሚያጠጣውን ቤት በቀኝ ጻፍ” አለኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ አሥር ስም ጻፍኩ። አሥራ አንደኛውን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ጻፍኩት። በግራ “ሰይድ”፣ በቀኝ “እትዬ ዘሀራ”። ያን ስጽፍ ከትከሻዬ አንድ ኩንታል የወረደ መሰለኝ። ወረቀቱ ይነግርልኛል ብዬ ነው። የሰው አገር ሰው ቢሰማ ይህ ምን ጥፋት አለው ይል ይሆናል፤ የጠፋ ሰው እኮ ነው፣ ማን ይመጣል ብሎ ያስባል? የእኛ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ክፍት ቦታው ላይ ተሰበሰበ። አወቀ መነጽሩን አድርጎ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ፤ ስም በተጠራ ቁጥር ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ። “ሰይድ፤ የሚያጠጣው የእትዬ ዘሀራ ቤት።” ከንፈር የመጠጠ ሰው አልነበረም። ዘሀራ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ከዘራዋን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች።

“ወንድሜን ማን ገደለው?” አለች።

አወቀ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

“እጠይቃችኋለሁ እኮ! ማን ነው መርዶ የነገረኝ? የት ተቀመጥኩለት? ማን መጥቶ ‘ሶብር አድርጊ’ አለኝ? ሰው እንደ ጎመን ዘር በወረቀት ይተከላል? ወላሂ አልፈርምም! ይህ አጥር የኔ ነው፣ አልፈርምም!”

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው። አወቀ “ለአንድ ስም ብለን ይህን ሁሉ ሰው ልናስቀር ነው? ስሙን እንሰርዘውና እንለምናት” አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ግን ለመልቀቅ ፈጠነ። ሌላው ደግሞ ኮንቴነሩ መጣ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ልጇ በቅርቡ ሄዶ የቀረባት አንዲት እናት ያመጣቻትን የሮማን ችግኝ ከነአፈሯ ታቅፋ ቆማለች፤ ወይ አትሄድ ወይ አትቀመጥ። እሷን ማየት ነው ያቃተኝ።

በዚያው ሸህ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ሸህ እንድሪስ በጉልበታቸው ዘመን የውሃ አባት ነበሩ። ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ለየማሽላው ማሳ የሚጠለፈውን ውሃ ተራ የሚያስይዙ፣ ለባለጸጋም ለድሃም የማያዳሉ፣ አሁንም የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝኸው?”

“ሚኒባስ እዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት።”

“ያ ረቢ! አንተ ካሳይ፣ ስንት ክረምት ተራ ሳስጠብቅ የሰው ውሃ ገድቦ የሚያድር ሰው አይቻለሁ። የሰው እንባ ገድቦ የሚያድር ግን አንተን አየሁ።” ራሴን ደፋሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “በል አብሽር። የዘገየ ውሃም ቢሆን ይለቀቃል እንጂ አይደፋም። ነገ ሱብሒ ሰግደን እንሄዳለን። አወቀንም ጥራው፤ አንድ ክርስቲያን አይበቃም፣ የሰፈር መርዶ ነው። አደራው ያንተ ነውና ሽማግሌ አስከትለህ የምትገባው አንተ ነህ።”

ማለዳ ሦስታችን ወጣን። ጨርቁን በጋቢዬ ሥር ይዣለሁ። እንዴት አድርጌ እንደማንኳኳ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፤ ማንኳኳት ግን አላስፈለገም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘሀራ ጉፍታዋን አስራ፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ወደ በሩ ዞራ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሦስት ባዶ መቀመጫ አለ።

“ግቡ” አለችን። “ቆያችሁ።”

ሸህ እንድሪስ የሚባለውን አሉ፤ የሰጠው ወሰደው፣ ሰይድ ወደ አኺራ ሄዷል፣ ሶብር አድርጊ። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች ረጋ ብላ። አላለቀሰችም። ወደኔ ዞረች።

“ጨርቁን ከመደርደሪያው ያነሣኸው ለት አውቄያለሁ” አለችኝ። “ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ጨርቁ ካለ ሰይድ አለ እላለሁ። አንድ ቀን ብወጣ የለም። ሰፍተኸው ቢሆን ኖሮ ለባሹን ባየሁት ነበር።”

“ታዲያ እትዬ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቂኝ?”

“መርዶ ይጠየቃል እንዴ? ይመጣል እንጂ! ከዚያን ለት ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ማለዳ መነሣት ትወዳለች ይለኛል። ለማን መሰለህ? ላንተ ነበር እኮ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጨርቁን አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። በመዳፏ ዳበሰችው፤ ጫፉን አነሣች፤ መቀስ አለመንካቱን አየች።

“አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ” አለች። “የዚህን ሁሉ ሰው ውሃ የቀዳ ልጅ ነው። ሲሞት ውሃ አግኝቷል?”

ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነበር። የሮቢቱ ሰው ከመነሣቱ በፊት “ይህንን ለእህቱ ንገራት” ብሎ የነገረኝ ነው።

“አግኝቷል” አልኳት። “ሰውየው በራሱ ኮዳ አጠጥቶታል። እስኪረካ ጠጥቶ ‘አልሐምዱሊላህ’ ብሎ ነው ያረፈው።”

ያን ጊዜ ነው የፈረሰችው። “ይችን! ይችን ብቻ እኮ ነበር የምፈልገው!” አለች ደረቷን እየመታች። “ስንት ዓመት ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ሲዘጋ፣ ይችን ብቻ!” ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ጩኸቷን ሰምቶ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አወቀ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አየሁት። ስሙን ለመሰረዝ ፈጠነ ስላልኩት ያን ለት በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሦስት ቀን ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰ፣ ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ሰደቃው ወጣ። የሰይድን ፊት አይተው የማያውቁ የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ውሃ ሲያመላልሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ዘሀራ አወቀን ጠርታ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ለእኔ ግን “ይቅር ብዬሃለሁ” አላለችኝም፤ እኔም ልጠይቃት አፍ አላገኘሁም። ስገናኛት “ደኅና አደርክ ካሳይ” ትለኛለች፤ ከድሮው የተለየ አይደለም።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈቃዱ ወጣ። ቦታውን ጠረግነው፤ በእሾህ አጠርነው። አንዱ ኒም፣ አንዱ ቁርቁራ ይዞ መጣ፤ ያቺ እናትም ሮማኗን ይዛ መጣች። ሸህ እንድሪስ እንደ ጎርፍ ዘመናቸው ከዘራቸውን ይዘው መሐል ቆሙና የውሃውን ተራ አስያዙ፤ ሰኞ የማን፣ ማክሰኞ የማን። ያለተራዋ ባልዲ ያነሣች አንዲት ሴት ላይ ሲጮኹ “ኧረ እሳቸው ፉጨት አያውቁም” ብዬ ለራሴ ሣቅሁ። የሰይድ ችግኝ ቦኖው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ቁመቱ ከጉልበቴ ትንሽ ያልፋል። ችግኞቹ ከተተከሉ በኋላ የቆቦ ነፋስ ተነሣ። ሁሉም ወዲህና ወዲያ ይጎነበሳሉ። ድጋፍ እንጨት አቁመን ነበር፤ ማሰሪያ ግን ያሰበ ሰው የለም። አወቀ ገመድ ሊፈልግ ሮጠ።

ዘሀራ ከነጠላዋ ሥር ቴትሮኑን አወጣች። የሰይድ ችግኝ አጠገብ ሆና ዘርግታ ያዘችልኝ።

“ለሁሉም ይበቃል” አለች። “ቁረጠው።”

መቀሴን ከኪሴ አወጣሁ። ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ሰፊ አይታችሁ አታውቁም፤ አርባ ዓመት ጨርቅ ቆርጬ!

“እትዬ” አልኳት፤ “ቆሜ ሳትለካኝ መቀስ አታስነካው ብሎኛል።”

ዘሀራ መዳፏን ችግኙ ጫፍ ላይ አሳረፈች፤ እንደ ልጅ አናት።

“ይኸው ቆሟል” አለችኝ። “ለካው።”

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ተንበረከክሁ።